ልጅ ከማሰብ በፊት የሥራ ቦታንና ቤትን የመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቁት ስለ ወር አበባ፣ ስለ ቀድሞ ሕመምና ስለሚወስዱት መድኃኒት ነው። ባል ቀኑን ሙሉ ምን ሲተነፍስ እንደሚውል፣ ሚስት በእጇ ምን እንደምትነካ፣ ቤታቸው ውስጥ እሳቱ በምን እንደሚነድና ጭሱ ወዴት እንደሚወጣ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። በአገራችን ደግሞ ምርመራው ሳይጀመር ፍርዱ ይቀድማል፤ ቤተ ዘመዱ ሴቲቱን «መካን» ብሎ ሲያማ፣ ባል አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር ዓመታት ይነጉዳሉ። ይህ ግፍ ከመሆኑም በላይ የሕክምና ስሕተት ነው፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ላይ ከወንዱ ወገን የሆነ ምክንያት ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ ይገኛልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ6 አዋቂዎች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት ይገጥመዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሥራ ቦታ ያለ ኬሚካል የወንድን ዘር ጨርሶ ሊያጠፋ እንደሚችል በማያሻማ ሁኔታ የታወቀው በ1977 በካሊፎርኒያ፣ ላትሮፕ በምትባል ከተማ ነው። ዲቢሲፒ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚጠራውን፣ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎችን የሚገድል መድኃኒት የሚያመርቱ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ ብዙዎቹ ልጅ መውለድ እንዳቆሙ አስተዋሉና እንመርመር አሉ። ውጤቱም ከፊሎቹ ጨርሶ ስፐርም እንደሌላቸው፣ ከፊሎቹም እጅግ ያነሰ እንዳላቸው አሳየ። መድኃኒቱ የእንስሳትን ቆለጥ እንደሚያከስም የሚገልጽ ጥናት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1961 ታትሞ ነበር። ከዚህ ታሪክ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ነገሩን ያወጡት ሠራተኞቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው፤ ይህ መመሪያም የሚረዳው እንዲህ ዓይነቱን ማስተዋል በሥርዓት ለማካሄድ ነው።

ወደ እርምጃዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የመካንነት መንሥኤ ብዙ ነው፤ በኢንፌክሽን ምክንያት የተዘጋ የማሕፀን ቱቦ፣ የሆርሞን መዛባት፣ የዕድሜ መግፋት፣ በወንዱ በኩል ደግሞ የቆለጥ ደም ሥር እብጠትና ሌሎችም አሉ። የሥራ ቦታና የአካባቢ ተጋላጭነት ከመንሥኤዎቹ አንዱ እንጂ ሁሉን የሚያብራራ አይደለም፤ ስለዚህ ቀጥሎ ያለው የሕክምና ክትትልን የሚተካ ሳይሆን ከጎኑ የሚሄድ ነው። አንድ ዓመት ያለ መከላከያ ተሞክሮ እርግዝና ካልመጣ፣ ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር ከሞላ፣ ሁለቱም በአንድነት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

አንደኛ እርምጃ፦ ሦስት ወር ቀድሞ መጀመር

የወንድ የዘር ሕዋስ ከጅምሩ እስኪበስል ድረስ 74 ቀናት ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያም በመተላለፊያ ቱቦዎቹ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሲጨመር ሦስት ወር ገደማ ይሆናል። ዛሬ የተሰጠ ናሙና የሚናገረው ባለፉት ሦስት ወራት ስለነበረው ሁኔታ ነው። በሌላ አነጋገር ዛሬ የተቋረጠ ተጋላጭነት ፍሬው የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ሥራ በቀየረ በሁለተኛው ሳምንት ተመርምሮ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ገና ሳይደርስ ነው የቸኮለው።

የሴቷ ሁኔታ ይለያል። እንቁላሎቿ ሁሉ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች የተፈጠሩ ስለሆኑ በየወሩ አዲስ አይተካም። ከዚህም ሌላ የፅንሱ ልብ፣ አንጎልና እጅ እግር በዋናነት የሚቀረጹት ከተፀነሰ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ነው፤ በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና አያውቁም ወይም ገና መጠርጠራቸው ነው። ጥንቃቄው የእርግዝና ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ከተጠበቀ ዋናው ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ልጅ ለመሞከር ካሰባችሁበት ወር ሦስት ወር ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ሁለታችሁም ከዚያ ቀን ጀምሩ። ሴቷ በየቀኑ 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ የምትጀምረውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ከዚህ ስሌት ውጭ የሆነው እርሳስ የተባለው ብረት ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ዓመታት ስለሚቀመጥ የእርሱ ዝግጅት ከሦስት ወር እጅግ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ዝቅ ብዬ በስፋት እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ መዝገብ መያዝ

አንድ ደብተር አውጥታችሁ ለባል የተለየ ገጽ፣ ለሚስት የተለየ ገጽ፣ ለቤታችሁ ደግሞ ሦስተኛ ገጽ ክፈቱ። በየገጹ የምትጽፉት የሥራውን መጠሪያ ሳይሆን በሥራው ላይ የሚነካውን፣ የሚተነፈሰውንና የሚዋጠውን ነገር ነው። «መካኒክ ነኝ» ማለት ብዙም አይነግርም፤ «ብሬክ በቤንዚን አጥባለሁ፣ ራዲያተር በእርሳስ እበይዳለሁ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሞተር እየሠራ እቆያለሁ» ማለት ግን ለሐኪሙ ዓይን ይገልጣል። ያለፉትንም ሥራዎች ጻፉ፤ ከአምስት ዓመት በፊት በባትሪ ቤት የሠራ ሰው ዛሬ ሾፌር ቢሆንም እርሳሱ ከአጥንቱ አልወጣም።

ከእያንዳንዱ ነገር ጎን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትቆዩበት፣ ክፍሉ አየር የሚገባው መሆን አለመሆኑን፣ በእጃችሁ ላይ ምን እንደምታደርጉ፣ የት እንደምትበሉና ልብሳችሁ የት እንደሚታጠብ አስፍሩ። በተለይ የሕመም ስሜቶችን ከቀናት ጋር አያይዙ፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ማልቀስ ወይም የእጅ መንቀጥቀጥ ሥራ ላይ ሲሆን መጥቶ በዕረፍት ቀን የሚተው ከሆነ ምንጩ ሥራው ውስጥ መሆኑን በብርቱ ያመለክታል። የሥራ ባልደረቦችን መጠየቅም የዚሁ አካል ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ፅንስ የጨነገፈባቸው ወይም ልጅ የዘገየባቸው ብዙ ሰዎች ካሉ፣ የእያንዳንዱን ምስጢር በመጠበቅ ቁጥሩን ብቻ መዝግቡ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ

በፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ ላይ ከታች በኩል ባለ ቀለም መስመር አለ። ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅ ያለ፣ አረንጓዴ ደግሞ በተለመደ አጠቃቀም በዕለቱ የመመረዝ አደጋው አነስተኛ መሆኑን ያመለክታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ቀለሙ የሚለካው በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት ቢገባ ቶሎ የሚያደርሰውን ጉዳት እንጂ በመውለድ ላይ በወራትና በዓመታት የሚያመጣውን ጣጣ አይደለም። ለምሳሌ ማንኮዜብና ካርበንዳዚም የተባሉት የሻጋታ መድኃኒቶች በዚህ አመዳደብ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያሉ ናቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን ሁለቱንም መራባትን ወይም ፅንስን ሊጎዱ ከሚችሉ ኬሚካሎች ተርታ መድቧቸዋል። ማንኮዜብ በድንችና በቲማቲም ማሳ ላይ የሚረጭ የተለመደ መድኃኒት ስለሆነ አረንጓዴውን አይቶ በባዶ እጁ የሚበጠብጠው ገበሬ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ከቀለሙ አልፋችሁ ሁለት ነገሮችን ፈልጉ። የመጀመሪያው ቀይ ጠርዝ ባለው አልማዝ ቅርፅ ውስጥ የተሳለ፣ ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ነው፤ ትርጉሙ ዕቃው ቀስ በቀስ የሚገለጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው የአደጋ መለያ ቁጥር ነው። «ኤች 360» (H360) የሚለው መውለድን ወይም ፅንስን ሊጎዳ እንደሚችል፣ «ኤች 361» እንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚጠረጠርበት፣ «ኤች 362» ደግሞ ጡት የሚጠባ ሕፃንን ሊጎዳ እንደሚችል ይገልጻል። በዕቃው ላይ ካልተጻፈ አሠሪው ከአቅራቢው ጋር የሚቀበለው የኬሚካሉ የደኅንነት መረጃ ቅጽ ላይ ይገኛል፤ ቅጹን መጠየቅ ተገቢ ነው። በአሜሪካ በጽዳት፣ በፓርኪንግ፣ በሆስፒታልና በመጋዘን የምትሠሩ ወገኖች ይህን ቅጽ በሥራ ሰዓት የማየት ሕጋዊ መብት አላችሁ። ስሙና ጽሑፉ የተላጠ ወይም ወደ ሃይላንድ ፕላስቲክ ተገልብጦ የመጣ መድኃኒት ከሆነ ግን መፍትሔው አንድ ነው፤ አትንኩት።

አራተኛ እርምጃ፦ ተጋላጭነቱን በየሥራው መለየት

በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉትን የአበባ እርሻዎች አስቀድማለሁ፤ ከሠራተኞቹ የሚበዙት በመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸውና። የግሪን ሃውስ ረጪ ትልቁ አደጋ ያለው ገና ከርጭቱ በፊት፣ ያልቀጠነውን መድኃኒት ሲመዝንና ሲበጠብጥ ነው። በዚያች ቅጽበት እጁ ላይ የሚፈናጠቀው ጠብታ ቀኑን ሙሉ ከሚያርፍበት ብናኝ ሊበልጥ ይችላል። አብዛኛው መድኃኒት የሚገባው በቆዳ ነው፤ የብልት አካባቢ ቆዳ ደግሞ ከክንድ ቆዳ ብዙ እጥፍ የሚመጥጥ ነው። ጀርባ ላይ የሚታዘል መርጫ ክዳኑ ሲያፈስ ፈሳሹ በወገብ በኩል ወርዶ ሱሪውን ያርሳል፤ ሰውየው ሥራውን ጨርሶ እስኪያወልቅ ድረስ ያ እርጥብ ጨርቅ ከሰውነቱ ጋር ተጣብቆ ይውላል። ስለዚህ መርጫው በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ሳይታይ ወደ ርጭት አይገባም፤ ሱሪው ከረጠበ ሥራው ወዲያውኑ ተቋርጦ ሰውነት በሳሙና ይታጠባል፣ ልብሱም ይቀየራል። እጅን መታጠብ ያለበትም ሽንት ቤት ከተገባ በኋላ ብቻ ሳይሆን ከመገባቱ በፊት ጭምር ነው። ይህችን ትንሽ ነገር የሚያሠለጥን ሰው እምብዛም አላየሁም።

አበባ ቆራጮቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ መድኃኒቱን አልረጨንም ብለው ራሳቸውን ከአደጋው ውጭ ያደርጋሉ። ነገር ግን ቅጠሉ ገና ሳይደርቅ ገብተው በእሾህ በተቧጨረ ክንድ ሲቆርጡ መድኃኒቱ በቀጥታ ወደ ደማቸው መንገድ ያገኛል። እያንዳንዱ መድኃኒት ከርጭት በኋላ ወደ ግሪን ሃውሱ ለመግባት የሚጠበቅበት ሰዓት በጽሑፉ ላይ ተወስኗል፤ 12፣ 24 ወይም 48 ሰዓት ሊሆን ይችላል። የተረጨበት ሰዓት በር ላይ በግልጽ ተጽፎ እንዲለጠፍ መጠየቅ የሁሉም ቆራጭ መብት ሊሆን ይገባል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉትን መድኃኒቶች የሚረጩ ሠራተኞች ደግሞ ገና ሥራ ሳይጀምሩ የኮሊንኤስተሬዝ (እነዚህ መድኃኒቶች የሚያዳክሙት ኢንዛይም) የደም ምርመራ ቢያደርጉ መልካም ነው። የዚህ ኢንዛይም መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ በኋላ የወረደ መሆኑ የሚታወቀው ከራስ የመጀመሪያ ልክ ጋር ሲመዛዘን ነው።

ሁለተኛው እርሳስ ነው። በመንደር ባትሪ ቤቶች አሮጌ የመኪና ባትሪ ተሰንጥቆ ይከፈትና ሳህኖቹ ይወጣሉ፤ ከሰል ላይ በተጣደ ብረት ድስት ይቀልጣሉ፤ ግራጫው አመድ መሬት ላይ ይራገፋል፤ ማታ ሱቁ ሲዘጋ በደረቅ መጥረጊያ ይጠረጋል። በዚያ መጥረጊያ የሚነሣው አቧራ ከማቅለጡ ጭስ ያላነሰ አደገኛ ነው፤ ዓይን የማያየው ብናኝ በእጅ በኩል ወደ እንጀራው፣ በልብሱ በኩል ወደ ቤት ይሄዳል። በወንዱ ላይ እርሳስ የስፐርምን ቁጥርና ጥራት ይቀንሳል፤ በሴቷ ላይ የፅንስ መጨንገፍንና ያለ ጊዜ መውለድን ያስከትላል፣ የእንግዴ ልጁንም አልፎ የሕፃኑን አንጎል ይጎዳል። ከደም በአንድ ወር ገደማ ግማሹ ቢወርድም ከአጥንት ለመውጣት አሥርተ ዓመታት ይወስዳል፤ እናት ስታረግዝና ስታጠባ ለሕፃኑ የሚሆነው ካልሲየም ከአጥንቷ ሲወሰድ የተከማቸው እርሳስም አብሮ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያመጣ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ በ2021 ባወጣው መመሪያም በአንድ ዴሲ ሊትር ደም 5 ማይክሮ ግራምና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ መክሯል። የራዲያተር ብየዳ፣ የአሮጌ ቀለም ፍቅፋቂና የጥይት ተኩስ ልምምድ ቦታም በዚሁ ውስጥ ይካተታሉ።

ሙቀት ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ግን ለወንድ ከባድ የሆነ ጉዳይ ነው። ቆለጥ ስፐርም የሚያመርተው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ ዳቦ ቤት ፉርኖ ፊት የሚቆም፣ ብየዳ የሚሠራ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ወይም ዋሽንግተን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህ ልክ ይዛባበታል። እንደ ዕድል ሆኖ ሙቀቱ ሲቀር ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ መንቀሳቀስ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስና ላፕቶፕን ጭን ላይ አለማስቀመጥ ይረዳል።

የጤና ባለሙያዎች ሌላውን ሲያክሙ ራሳቸውን ይረሳሉ። ዕቃ ለማምከን የሚያገለግለው ኤቲሊን ኦክሳይድ ጋዝ ከፅንስ መጨንገፍ ጋር ያለው ግንኙነት በ1982 በፊንላንድ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ታይቷል። በ1992 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ደግሞ ጋዝ የሚስብ መሣሪያ በሌለበት ክፍል በሳምንት 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ናይትረስ ኦክሳይድ ለተባለው የማደንዘዣ ጋዝ የተጋለጡ የጥርስ ሐኪም ረዳቶች ለማርገዝ ረዘም ያለ ጊዜ እንደወሰደባቸው አሳይቷል። የካንሰር መድኃኒት የምታዘጋጅ ነርስ ወይም ፋርማሲስት፣ ኤክስሬይ ክፍል የምትሠራ ባለሙያ፣ ማርገዟን ብቻ ሳይሆን ለማርገዝ ማሰቧን ለኃላፊዋ ብትናገር ይሻላታል።

በፀጉር ቤት ፀጉር ለማለስለስ ከሚውሉት ውሁዶች አንዳንዶቹ በካውያ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃሉ፤ መስኮቱና በሩ ትይዩ ካልተከፈቱ ባለሙያዋ ቀኑን ሙሉ ትተነፍሰዋለች። ወርቅን በሜርኩሪ አጣብቀው በእሳት የሚለዩ የባህላዊ ወርቅ አምራቾች የሚወጣውን እንፋሎት ክፍት ቦታ ላይ እንኳ ነፋሱን ወደ ኋላ አድርገው ካልቆሙ ይተነፍሱታል፤ ቤት ውስጥ፣ በተለይም ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በባህረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያላችሁ እኅቶች በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል።

አምስተኛ እርምጃ፦ መከላከያውን በትክክለኛ ቅደም ተከተል መውሰድ

አብዛኛው ሰው «ጓንትና ማስክ አድርግ» ከሚለው ይጀምራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገሩን ጨርሶ ማስቀረት ወይም በቀለለ መተካት ይቻል እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ሰውንና ምንጩን መለየት፣ ጭሱን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ መትከል፣ ደረቅ መጥረግን በእርጥብ ጨርቅ መተካት ይመጣል። ከዚያ የሥራውን ሰዓት ማሳጠርና ተራ ማዞር ነው። ጓንትና ማስክ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ምክንያቱም የሚሠሩት በትክክል ከተመረጡ፣ ከተለበሱና ከተቀየሩ ብቻ ነው።

ምርጫውም ዕውቀት ይጠይቃል። የጨርቅ ወይም የቀዶ ሕክምና ማስክ እንፋሎትንና ጋዝን አያስቀርም፤ ለቲነርና ለፀረ ተባይ እንፋሎት የከሰል ማጣሪያ ያለው የፊት መሸፈኛ ያስፈልጋል፣ ሽታው መሰማት ሲጀምር ማጣሪያው አብቅቷል ማለት ነው። የጥጥ ጓንት መድኃኒቱን መጥጦ ከቆዳ ጋር አጣብቆ ስለሚይዝ ከባዶ እጅ ሊብስ ይችላል፤ ለርጭት ረዘም ያለ የናይትራይል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ተመራጭ ሲሆን ከመውለቁ በፊት እጅ ላይ እንዳለ ይታጠባል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ መርዙን ይዞ ወደ ቤት አለመግባት

የሥራ ልብስና ጫማ በሥራ ቦታ ይቀራል። ይህ የማይቻል ከሆነ በተዘጋ ፕላስቲክ ተይዞ ይመጣና ከሕፃን ልብስ ጋር ሳይነካካ በተለየ ገንዳ ይታጠባል፤ የሚያጥበውም ሰው ጓንት ያደርጋል፤ ነፍሰ ጡር ሚስት ግን በምንም መልኩ እርሷ ልታጥበው አይገባም። አባት ከሥራ ሲመጣ ልጆቹ ሮጠው እንዲያቅፉት ይፈልጋል፤ ታጥቦና ልብስ ቀይሮ ቢያቅፋቸው ፍቅሩ አይጎድልም። የመድኃኒት ጀሪካን ታጥቦ ውኃ ወይም ጠላ አይቀዳበትም፤ ተበስቶ ይወገዳል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ማዕድ ቤቱን መፈተሽ

በሦስት ጉልቻ ላይ በኩበትና በእንጨት የምትጋግር ሴት የምትተነፍሰው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ይህ ጋዝ ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ከእናትየው ደም ከወጣ በኋላም ከፅንሱ ደም ለመውጣት ይዘገያል። ውጤቱ ክብደቱ ያነሰ ሕፃንና ሞቶ የመወለድ አደጋ ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ እርሱ ይቀድማል። ከሌለ ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ፣ ደረቅ እንጨት፣ ከጣሪያ ሥር የተከፈተ የጭስ መውጫ ልዩነት ያመጣሉ። ብርድ ነው ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል አያድርም፤ ቡናውም ሲፈላ መስኮቱ ይከፈት፤ ከሰሉ ውጭ ተያይዞ ቀልቶ ይግባ።

ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞችን ጽሑፍ አንብቡ፤ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል (የሜርኩሪ ውሁድ) የሚል ካለበት ወይም ምን እንዳለበት ጨርሶ ካልተጻፈ ጣሉት። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን የቆዳ ማቅያዎች ከገበያ እንዲወጡ ወስኗል፤ ገበያው ግን አሁንም አልጸዳም። ከአሮጌ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ርካሽ የአሉሚኒየም ድስት እርሳስ ሊለቅ ስለሚችል እንደ ቲማቲምና ሎሚ ያለ የሚኮመጥጥ ነገር አይቀቀልበት። ትኩስ ወጥ በፌስታል አይቋጠር፤ በፕላስቲክ ውስጥ ያሉ እንደ ቢስፌኖልና ፍታሌት ያሉ ኬሚካሎች ሆርሞንን እንደሚያዛቡ ይታወቃል። በሰው የመውለድ ችሎታ ላይ ያለው ማስረጃ ግን እንደ እርሳስና እንደ ዲቢሲፒ የጠነከረ ስላልሆነ፣ ጊዜና ገንዘብ ካጠራችሁ መጀመሪያ ጭሱንና እርሳሱን አስወግዱ እላለሁ። ሲጋራና ሺሻ በባልም በሚስትም በኩል ይቁም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ደብተሩን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ

ባልና ሚስት በአንድ ቀን ይቅረቡ። የስፐርም ምርመራ ርካሽና ሕመም የሌለው ስለሆነ ሴቷ ቱቦዋ ከመመርመሩ በፊት መሠራት አለበት። ናሙናው ከ2 እስከ 7 ቀናት ከግንኙነት ከተቆጠበ በኋላ ይሰጣል፤ ቤት ከተወሰደም ከሰውነት ጋር ተጠግቶ ሳይበርደው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሳተመው ማመሳከሪያ ዝቅተኛው የተለመደ ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም ነው። ከዚህ ያነሰ ሰው ልጅ አይወልድም ማለት አይደለም፤ አንድ ውጤት ብቻውንም ፍርድ አይሆንም። ተጋላጭነቱ ከተቋረጠ ከሦስት ወር በኋላ ምርመራው ይደገም።

እርሳስ የሚነካ ሰው በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዲለካለት በስሙ ይጠይቅ፤ በተለመደው የደም ምርመራ ውስጥ አይካተትምና። መጠኑ ከፍ ካለ ሴቷ እርግዝናን ማዘግየት አለባት፤ በብረትና በካልሲየም የበለጸገ ምግብም እርሳስ ከአንጀት የሚገባበትን መንገድ ያጠባል። ችግሩ ከጠና በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ እርግዝናው ሲመጣ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳይሰጣት ይከለክላል። የምትሠራው ሥራ ለእርሷ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑ በሐኪም ሲረጋገጥ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ እንድትዛወርም ያዝዛል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር አላት። እዚህ ላይ ቁልፉ የሐኪም ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ብቻ የሚል እንዳይሆን፣ የኬሚካሉ ስምና ያለው አደጋ ተጠቅሶ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ ለዚህም የያዛችሁት ደብተር ይጠቅማል። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርባችሁ ቅጂውን ከተቀባዩ ፊርማ ጋር አስቀሩ። በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሕግ መሠረት 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ተመጣጣኝ ማስተካከያ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ከወለደች በኋላ ወደ ርጭት፣ ወደ እርሳስ ወይም ወደ ካንሰር መድኃኒት ክፍል የምትመለስ እናት ከመመለሷ በፊት ሐኪም ታማክር። በአብዛኛው ሁኔታ ጡት ማጥባቱ ይቀጥላል፤ የሚቀየረው ሥራዋ ነው። የእርሳስ መጠኗ ከፍ ያለ እንደሆነ የእርሷም የሕፃኑም ደም ተለክቶ ሐኪሙ ይወስናል። ከጡት ማጥባት በፊት የሥራ ልብስ ማውለቅ፣ እጅንና ደረትን በሳሙና መታጠብ በየዕለቱ የማይቀር ነው፤ ወተቷን በሥራ ቦታ የምታልብ ከሆነም አሠሪው ከኬሚካል የራቀ፣ ውኃና ሳሙና ያለበት የሚዘጋ ክፍል እንዲያዘጋጅ ፈቃዷ ሳያልቅ አስቀድማ ትጠይቅ።